የሚያጉረመርም ሰው ካለ

ነገሩ የጀመረው በጥር ማለቂያ፣ ጣና ዳር በተደገሰ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠዋል። ዘንባባው ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ይወዛወዛል። እኛ የባንዱ ልጆች ምርቃቱ አልቆ "በሉ ጀምሩ" እስክንባል መሣሪያችንን ታቅፈን ቆመናል። የሙሽራው አያት ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ድምፃቸው የሚያምር ስለነበር ማይክም አልፈለጉ። "እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ" አሉ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱና ዝም አሉ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

"የሚያጉረመርም ሰው ካለ ይውጣና በግልጽ ይናገር! ምርቃት ላይ አይጉረመረምም!" አሉ።

ዳሱ ጸጥ አለ። በጥሎሹ ቅር ብሎታል እየተባለ ሲታማ የሰነበተ አንድ አጎት ነበርና የሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ። "ኧረ እኔ ትንፍሽም አላልኩ!" ብሎ ማለ። ምስኪን፣ እውነቱን ነበር። ጉርምርምታው ግን ቀጥሏል። እምምምምም… ወፍራም፣ ትንፋሽ የማይወስድ፣ የማይታክተው። የሚወጣው ከእኔ ጊታር ነበር።

መዳፌን ክሮቹ ላይ ጣል ባደርግ ጸጥ አለ። አያትየው "ተባረክ፣ ማንም ሁን ማን" ብለው ወደ ምርቃታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቅዳሴ መሀል የሚያለቅስ ልጇን አፍ እንደያዘች እናት፣ ክሮቹን አፍኜ ቆምኩ። አፍንጫዬን በላኝ፤ አላከክሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ተዘናግቼ እጄን ባነሣ እምምም አለና አጎትየው ደንግጦ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

እኛ ሙዚቀኞች ይህን ነገር "ሃም" እንለዋለን። "ሃም አለው"፣ "ሃሙን አጥፋው" እንባባላለን። ለእኔ ግን የአያትየው "ማጉረምረም" ይበልጣል። ሃም በግልጽ አይጮኽም፣ ጨርሶም ዝም አይልም። እንደ ተቀየመ ዘመድ ጥግ ይዞ ይነጫነጫል፤ ምን ሆነሃል ሲሉት አይናገር።

ኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለው። ፒክአፕ ስል ጭነት የሚጭነው መኪና እንዳይመስላችሁ። አከራዬን እትዬን "የፒክአፔ ነገር አሳስቦኛል" ብላቸው፣ "መኪና እያለህ ነው የቤት ኪራዬን የምታጓትተው?" ብለው ሁለት ቀን አኩርፈውኛል። የእኔ ፒክአፕ ማግኔት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይቀሰቀሳል፣ አምፑ ያንን አጉልቶ በስፒከር ያወጣዋል። ችግሩ፣ ሽቦው መስማት እንጂ መምረጥ አያውቅም። ከክሩ የመጣውንም፣ ከግድግዳው መስመር የመጣውንም፣ ከጎረቤት ብየዳ ቤት የመጣውንም እኩል ይሰማል፤ የሰማውንም እንዳለ ያወራል። በየሰፈሩ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም።

ግድግዳችን ውስጥ የሚሄደው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይኸ ምልልስ ድምፅ ሆኖ ሲወጣ ኖታ አለው። የጊታሩን ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ብትጫኑት ሶል ይሰጣችኋል፤ በሰከንድ 98 ጊዜ ይርገበገባል። የኮረንቲው እጥፍ ደግሞ 100 ነው። አንድ ማታ ጊታሩን አልጋ ላይ አስተኝቼ ቲውነሩን ብሰካበት፣ ማንም ሳይነካው "ሶል፣ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል" የሚል ምልክት አሳየኝ። ቤቴ ሁልጊዜ ሶል ይዘፍናል ማለት ነው፤ ያውም ከቅኝት ወጥቶ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የአክስቴ ልጅ ይህን ብነግረው፣ የእነሱ ኮረንቲ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ የእነሱ ሃም በሲ ቢሞልና በሲ መሀል ቆሞ እንደሚዋልል ነገረኝ። ከዚያ በኋላ በስደት የሚኖር ጊታሪስት ሁሉ ያሳዝነኛል።

የባሰው ነገር፣ የማጉረምረሙን ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተልኩ ብሄድ ጣና ላይ ደረስኩ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ከፏፏቴው አጠገብ ያለው የጢስ ዓባይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 መሽከርከር የጀመረው ከዚሁ ሐይቅ በሚወጣው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስም ውሃውን የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ከተራራ ሥር በተቆፈረ መሿለኪያ ወደ በለስ ያወርደዋል። የአገሩ መስመር እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ጅማም ሐረርም ያለ ጊታር ያንኑ ሶል ነው የሚያጉረመርመው። እኔ ግን ለምንጩ ቅርብ ነኝ። ማታ ማታ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳየው እንዴት ጸጥ ብሏል! ታንኳው እንኳ ሲሄድበት ድምፅ የለው። ያ ሁሉ ጸጥታ በሽቦ ዞሮ መጥቶ እኔ ክፍል ውስጥ ይጨቀጭቀኛል።

ከሰርጉ በኋላ ባንዱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ "ጃኩ ነው፣ ጃክ ቀይር" አለ። ቀየርኩ። ቤዝ ተጫዋቹ "ጃክ አይደለም፣ ስልክህ ነው" አለ። እሱ እንኳ ግማሽ እውነት ነበረው፤ ስልክ አምፕ አጠገብ ሲቀመጥ ገና ሳይጠራ ድድድ፣ ድድድ፣ ድድድድ የሚል ድምፅ ያሰማል። በዚህ የተነሣ በልምምድ ጊዜ ነቢይ ሆኜ ነበር። "አሁን ሰው ይደውልልሃል" ስለው ስልኩ ይጮኻል። ግን ያ ሌላ ጉድ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል፤ የእኔው አይሄድም። ድራመሩ ደግሞ የስፒናውን የኧርዝ ብረት በናስትሮ ሸፍነህ ሰካው አለኝ። ይህን ምክር ከአንድ ሰው በላይ ሰጥቶኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ሃሙን እውነትም ያጠፋዋል። የሚያጠፋው ግን ሃሙን ብቻ ላይሆን ይችላል። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ከብረት አካሉ ቢነካ ኮረንቲው መሄጃ ያጣና በጊታሩ ክር አድርጎ ወደ እኔ ይመጣል። ከድራመር የኮረንቲ ምክር መቀበል የለብኝም ብዬ ተውኩት።

ዐቢይ ጾም ገባ። ለእንደኛ ዓይነቱ ባንድ ጾም ሥራ ፈትነት ነው፤ ሰርግ የለ፣ ጭፈራ የለ። 55 ቀን ሙሉ ጊዜ አለኝ። የሚቀጥለው ሰርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ያኔም አያት ይኖራል፣ ያኔም ምርቃት ይኖራል።

ነገሩን እንደ ፖሊስ ምርመራ ያዝኩት። መጀመሪያ ጃኩን ከአምፑ ነቀልኩና አምፑን ብቻውን አዳመጥኩ። ትንሽ አጉረመረመ። ጊታሩን ሰክቼ ድምፅ መቀነሻውን እስከ ዜሮ አዞርኩ፤ ያው ትንሿ ጉርምርምታ። ከፍ ሳደርገው ግን እምምምም! ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ከአምፑ ወገን፣ አንዱ ከጊታሩ ወገን። ሁለት ጥፋተኛ ባለበት ቤት ምስክሩ ሁሉ እንደሚምታታ የዕድር ዳኛ የሆነ ያውቀዋል።

ከጊታሩ ጀመርኩ። በካቻቪቴ ከፍቼ ውስጡን ባየው እንደ ጀበና ውታፍ የተወተፈ ሽቦ ነው። ውስጡ በብረት ወረቀት ቢለበስ ከአየር የሚመጣውን ጫጫታ ይከላከላል የሚባለውን ሰምቼ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን የመዳብ ወረቀት አላገኘሁም፤ እትዬ ዓሣ ሲጠብሱ የሚጠቀልሉበትን ፎይል ወሰድኩ። አሉሚኒየም ሊድ እንደማይዝ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ካውያውን አስጠግቼ ብደገድግ ሊዱ እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ይወርዳል። በመጨረሻ ሽቦውን በቡሎን አሰርኩትና ገጥሜ ሰካሁት። ጸጥ! አንድም ድምፅ የለም። እስክስታ ወረድኩ። ከዚያ ክሩን ብመታው እሱም የለም። ፎይሉ የጃኩን ጫፍ ነክቶ ሃሙንም ጊታሩንም አንድ ላይ ቀብሯቸው ኖሯል። እንደገና ከፍቼ ፎይሉን ከጃኩ አካባቢ ቆርጬ በናስትሮ ለየሁት። ጊታሩ ነፍስ ዘራ፣ ሃሙም ትንሽ ቀነሰ። ዓሣ ዓሣ መሽተቱ ግን እስካሁን አለ፤ ሲሞቅ ይብሳል።

ዓሣን ካነሣሁ ፍሪጁንም ልናዘዝ። የእትዬ ፍሪጅ ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሞተሩ ሲነሣ አምፔ "ጧ!" ይላል፣ ከዚያ ጉርምርምታው ይወፍራል። ለምርመራ ያህል እትዬ ቅዳሴ ሲሄዱ ነቀልኩት። ልዩነቱን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ለውጡን ሰምቼ ደስ ስላለኝ ልምምድ ጀመርኩ፤ ከልምምዱ ወጣሁ፤ ከተማ ውዬ መጣሁ። ውስጡ ስድስት ቆሮሶና አንድ ትልቅ አምባዛ ነበር። በዚያ ግቢ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል የቆየ ክርክር ነበረ፤ እትዬ ይበላል ባይ ናቸው፣ ጎረቤታቸው አይበላም ባይ። በዚያ ማታ ክርክሩ ቆመ። የሚበላ አልነበረም።

ከአምፑ ወገን ያለው ጥፋተኛ የተገኘው በክብደቱ ነው። አምፑን የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በ120 ቮልት የሚሠራ። የእኛ 220 ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ። የክፍሌ ስፋት ስለሚታወቅ አምፑን በቀጥታ እሱ ላይ አስቀምጬው ነበር። ትራንስፎርመር ማለት ደግሞ ራሱ የሚያጉረመርም ብረት ነው፤ ጆሮ ብታስጠጉበት ያለ አምፕም ይሰማል። በማግኔት ጆሮ የሚሰማን ጊታር ከትራንስፎርመር አጠገብ ማቆም ሐሜተኛን ከበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ጎትቼ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ግማሹ ጉርምርምታ አብሮት ሄደ። ሌሊት ሌሊት አሁን አልጋዬ ይሞቃል።

የቀረውን ግማሽ ያሳየኝ ጨለማ ነው። አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ "ኤጭ!" አለ፤ እኔ ግን ዘጠኝ ቮልት ባትሪ የምትበላ ክብሪት የምታህል አምፕ ነበረችኝና ሰካኋት። በሕይወቴ እንዲህ የጠራ ጊታር ሰምቼ አላውቅም። ፍሪጁ የለ፣ ሸንበቆ የሚያህለው የፍሎረሰንት መብራት የለ፣ ብየዳ ቤቱ የለ። እያንዳንዱ ክር ብቻውን ይናገራል። አንድ ትዝታ ጀመርኩ፤ በመሀል ቆም ብዬ ጸጥታውን ሳዳምጥ፣ እምምምም። ደሜ ፈላ። ክሮቹን ያዝኩ፣ አልቆመም። ጃኩን ነቀልኩ፣ አልቆመም። ባትሪውን አወጣሁ፣ አልቆመም! ለካ ከግራ ጆሮዬ ሥር ቢንቢ ናት። የጣና ዳር ቢንቢ ኧርዝ አይዛትም፤ በጥፊ ነው የሚፈታት።

ያም ሆነ ይህ፣ ማስረጃው ተገኘ። መብራት ሲሄድ ሃሙ ከሄደ የቀረው ጥፋት የቤቱ መስመር ነው። በነጋታው የሰፈሩን ኤሌክትሪሽያን ጠራሁ፤ ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን በመሰላል ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የዕቃ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ጣሊያንኛ የሚማሩ ይመስላል፤ ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ ናስትሮው፣ ስፒናው። አምፔን ሲያዩም "ይቺ ሞንታርቦ ናት የምታስቸግርህ?" አሉኝ። ሞንታርቦ ጣሊያን አገር ያለ የድምፅ ማጉያ ፋብሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሚጮኽ ሳጥን ሁሉ ስሙ እሱ ነው።

ሶኬቱን ፈትተው ጀርባውን አዩና ሳቁ። "ና እስቲ ተመልከት። ጎንና ጎን ያሉት እነዚህ የብረት ምላሶች የኧርዝ ናቸው። ከኋላቸው ግን ምንም ሽቦ የለ። ለጌጥ ነው የቆሙት።" አምፑ የማይፈልገውን ኮረንቲ የሚያራግፍበት መንገድ ስለሌለው አካሉ ላይ ይዞት ይቀመጣል፤ ይኸው ነው በክሮቹ አድርጎ የሚያጉረመርመው። ዘፋኛችን ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ "ኮረንቲ ሳመችኝ" እያለ የሚዘለውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ እስክስታ መስሎን እናጨበጭብለት ነበር። ጋሼ ወደ ግቢው ወጥተው ቆጣሪውን፣ የግንቡን ሥር፣ የጣሪያውን ጫፍ ዞረው አዩና ጮክ ብለው ፈረዱ፦

"ይሄ ቤት መሬት የለውም!"

እትዬ ከበራፉ ላይ ቡና ይቆሉ ነበር። ምጣዱን ከነቡናው አስቀመጡት። "ምን አልክ?" አሉ ቀስ ብለው። ጋሼ ያልገባቸው ስለመሰላቸው ደገሙት፦ "መሬት የለውም እኮ ነው የምልሽ። ሲሠራም አልነበረውም።" እትዬ ወደ ውስጥ ገቡ። ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡና ረከቦቱ ላይ ዘረገፉት። "ይኸው ካርታው! ይኸው የአምናው ግብር! ይኸው የካቻምናው! መሬት የለውም የሚል ክፍለ ከተማ ካለ እኔው ቤት ይምጣና ያናግረኝ!"

"እትዬ፣ የኮረንቲው መሬት ነው እኮ" አልኩ እኔ።

"ኮረንቲም ተመራ እንዴ?"

ለማስረዳት ሦስተኛው ቡና ድረስ ፈጀብን። በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ግን ጉድጓዱ ከጌሾው ሥር እንዳይነካ፣ ቆፋሪውም እኔ እንድሆን፣ የዓሣው ዕዳም እንዳይረሳ በሚል ውል። ባሕር ዳር መሬቱ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ክንድ ያህል ሲወርዱ ጥቁሩ ድንጋይ ይጠብቃል። ጣና ራሱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መውጫውን ዘግቶበት የተጠራቀመ ውሃ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ፤ እኔ በዶማ አረጋግጫለሁ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ከቧንቧው ማጠቢያ አጠገብ መሬቱ እሺ አለ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ዘንግ መትተን አስገባን። ጋሼ ከዘንጉ እስከ ሶኬቱ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ዘረጉ። "ቀዩ የቀረ ባንዲራ" አልኳቸው። "ቀዩ ሌላው መስመር ነው" አሉኝ ሳይስቁ፤ "እሱን ከነካህ ሌላ ሰንደቅ ነው የሚለብሱልህ።"

ሰካሁት። ጆሮዬን አምፑ ላይ ጣልኩ። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ አንድ ሰው የሚያጉረመርም ያህል ብቻ ቀረ።

ጋሼ ሲሄዱ አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ፤ በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ኧርዙ ይደክማልና ዘንጉን ውሃ አጠጣው። እውነት ነው፤ ደረቅ አፈር ኮረንቲ አይቀበልም። ስለዚህ በየማታው አንድ ጆግ ውሃ ብረቱ ሥር አፈስ ጀመር። እትዬ በመጀመሪያው ቀን ዝም ብለው አዩኝ። በሁለተኛው ቀን አማተቡ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳዩኝ። "ጌሾው ጠውልጎ ለብረት ውሃ! ምን ሊያበቅልለት ነው?" ጎረቤትየዋ አሰብ አድርገው፣ "ለቡሎን ይሆናላ" አሉ።

የቀረችው ጉርምርምታ የፒክአፑ የራሱ ናት። መድኃኒቷም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 ጊብሰን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሴዝ ላቨር የሚባል መሐንዲስ አንድ ዘዴ አመጣ፤ በአንድ ጥቅል ፈንታ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን አደረገና በተቃራኒ አገናኛቸው። ሁለቱም ከአየር የሚሰሙት ያንኑ ጉርምርምታ ነው፤ አንዱ ሲደግፍ ሌላው ስለሚቃወም ግን ተጣፍቶ ይቀራል። ማግኔቶቹንም ስለገለበጣቸው የክሩን ድምፅ ግን ሁለቱም ተስማምተው ያወጡታል። ሃምበከር ይሉታል። አንድ ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ በሁሉም ነገር ይጣላሉ፣ ልጃቸውን ሲያወድሱ ብቻ በአንድ አፍ ይናገራሉ። ሃምበከር እነሱ ናቸው። የእኔ ጊታር ግን ባለ ነጠላ ጥቅል ነው፤ ሃምበከር መግዣው ደግሞ በዓሣ ዕዳ ሄዷል።

በነጻ የሚገኝ አንድ ዘዴ አለ። ነጠላ ጥቅል አቅጣጫ ያውቃል። ጊታሩን አንግቼ ቀስ እያልኩ ስዞር ጉርምርምታው ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቴን በሰሜን ወደ ሐይቁ ሳደርግ ይጮኻል። ወደ ምሥራቅ ስዞር ይጠፋል። ወደ ምዕራብም ይጠፋል፣ ግን በዚያ በኩል ቁም ሣጥን አለ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ጎረቤት እንዳልረብሽ በማዳመጫ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ እያልኩ ያችን የጸጥታ ነጥብ እፈልጋለሁ። እትዬ በመስኮት አይተውኛል። ጊታሩ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ አይታይም። በጾም፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ አንገቱን ደፍቶ የቆመ ልጅ! ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ፤ የዓሣውንም ነገር ይቅር አሉ፤ በዚያው ሳምንት አንድ ሳህን ንፍሮ ላኩልኝ። አላስተባበልኩም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ማታ፣ በሬ ተንኳኳ። ከግቢው ማዶ ክፍል የተከራየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በጾም በገና ይደረድራል። ድምፁን ከግድግዳ ወዲያ ስለምሰማው እንተዋወቃለን፣ ከሰላምታ ያለፈ ግን አልተነጋገርንም ነበር። በገናውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል።

"ወንድሜ፣ አንተ የድምፅ ነገር ታውቃለህ ይሉኛል። እስቲ እየው፣ ድምፁ ጠፋብኝ።"

ክፍሌ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና አንዱን አውታር ነካ። ጥርት ያለ፣ ንጹሕ፣ ለስላሳ ድምፅ ወጣ። "ታዲያ ምን ሆነ? ምንም የለውም እኮ፤ እንዲህ የጠራ ድምፅ ለማግኘት እኔ ሁለት ወር ሙሉ…"

"እሱ ነው ችግሩ" አለኝ። "ጠርቷል። አይነዝርም።"

በገና ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ አውታሩ ተደግፎ በሚያልፍበት እንጨት ላይ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ አለች። እንዝራ ይሏታል። አውታሩ ሲርገበገብ እሷን እየነካ ነው ያ በደረት የሚሰማው ዝዝዝ የሚለው ድምፅ የሚመጣው። ያለ እሷ አሥሩ አውታር አሥር ክር ብቻ ነው። ቆዳዋ ደርቃ ይሁን ተንሸራታ፣ ከአውታሩ ተራርቃለች። እኔም በልጅነቴ የሰላም ስዩምን ጊታር የሰማሁት በሮሃ ባንድ ካሴት ነው፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ሽሽሽ ስትመጣ ነበር ሁላችንም ዝም የምንለው። ነገሩ ገባኝ።

አምፑን አጠፋሁ። ፍሎረሰንቱንም አጠፋሁና ሻማ ለኮስን። እሱ አውታሩን ይነካል፣ እኔ በጥፍሬ ቆዳዋን በፀጉር ስፋት ወደ ኋላ እገፋለሁ። ድም። ትንሽ ወደፊት። ድም። ትንሽ ወደ ኋላ። ድምዝ። "እዚያ! እዚያ ያዛት!" ትንፋሼን ይዤ አንድ ጊዜ በስሱ ገፋሁ። ዝዝዝዝምምም… ሻማው የበራበት ጠረጴዛ ላይ ያለው የሻይ ማንኪያ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው አውታር፣ ሦስተኛው። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን አምስተኛው ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ያጉረመርም ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ድምፅ መጣ።

"አንተ ልጅ! ያ ነገር ተመለሰብህ እንዴ? ተነሥቼ ብረቱን ውሃ ላጠጣልህ?"